ሦስት ብራውዘርና አንድ ያረጀ ገጽ

ጋምቤላ ጤና ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የቢሮውን ኮምፒውተሮች ያገኘኋቸው ጥልፍ ጨርቅ ለብሰው ነው። አምስት ነበሩ። ጸሐፊዋ እትዬ ዘነበች እንደ ሳሎን ሶፋ ሸፍና፣ ጫፍ ጫፉን በስፒል ይዛ ደርድራቸዋለች። ከአምስቱ ሁለቱ ይሠራሉ፤ ሦስቱ ለክብር የተቀመጡ ናቸው።

አለቃዬ አቶ ጋትሉዋክ በር ላይ ተቀበሉኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው።

«ጌታሁን፣ ጨርቁን አታንሳ። አቧራ ይገባል» አሉኝ።

«ጨርቁን ሳላነሳ እንዴት አድርጌ ልጠግን?»

ትንሽ አሰቡና፣ «ስትሠራ አንሳ፣ ስትጨርስ መልስ። ይሄ አንደኛ ሩል ነው» አሉ።

የተቀጠርኩበት መደብ «ጀማሪ የኮምፒውተር ጥገና ቴክኒሻን» ይባላል። ከደብረ ማርቆስ ዲፕሎማዬን፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ብሩሽና አንድ ቴስተር ይዤ ነበር የመጣሁት። ክልሉ ራሱን ማስተዳደር ከጀመረ ብዙ ስላልቆየ ሁሉም ነገር «በመቋቋም ላይ» ነበር። ቢሮው በመቋቋም ላይ፣ መዝገብ ቤቱ በመቋቋም ላይ፣ እኔም በመቋቋም ላይ። የዚያን ዕለት የአንዱን ኮምፒውተር ሆድ ብከፍት ምስጥ አፈር ሞልቶበታል። በብሩሽ ጠርጌ አወጣሁና ሰካሁት፤ አልተነሳም። እትዬ ዘነበች «ተወው እባክህ፣ የሰው ቤት አፈረስክ» ብላ ሳቀችብኝ።

ኢንተርኔት የመጣልን ብዙ ክረምት ካለፈ በኋላ ነው፤ እኔም እስከዚያ «ጀማሪ» የሚለው ቃል ተነስቶልኝ ነበር። መጣ ስል በስልክ ሽቦ ነው። ሞደም የምትባል ትንሽ ሳጥን ስልኩ ላይ ትሰካለህ፤ ትደውላለች፤ ጉንፋን እንደያዘው በግ ትጮኻለች፤ ዕድል ካለህ ትገባለህ። መሃል ላይ እትዬ ዘነበች ስልኩን ካነሳች ሁሉም ነገር ተቋረጠ ማለት ነው። «ዘነበች ስልክ አታንሺ» ብዬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። እሷ ከሥሩ «ጌታሁን ስልኩን ልቀቅ» ብላ ለጠፈች። ሁለቱም ወረቀት እስኪገረጣ ድረስ ጎን ለጎን ተሰቅሎ ኖረ።

በዚያን ጊዜ በየቢሮው ለማንኛውም ጥያቄ የሚበቃ አንድ መልስ ነበረን፦ መስመር የለም። ደብዳቤው ለምን ዘገየ? መስመር የለም። ሪፖርቱስ? መስመር የለም። ግማሹን ጊዜ እውነት ነው። ግማሹን ጊዜ ደግሞ ሰውዬው ምሳ ላይ ነው።

አሪየትን ያወቅኋት በዚያው ሰሞን ነው። ኢታንግ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጤና ረዳት ነበረች፤ አኙዋክ ናት፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ነው የተማረችው። በየወሩ የክትባት ሪፖርት ይዛ በፒካፕ ጀርባ ትመጣለች፤ ስትደርስ ፀጉሯ እስከ ቅንድቧ አቧራ ለብሶ ነው። አንድ ነገሯ ያስቀኝ ነበር። ማንኛውንም ወረቀት ከመጀመሪያዋ ፊደል እስከ መጨረሻዋ፣ ማኅተሙን ጨምራ ታነባለች። የበር ላይ ማስታወቂያ እንኳን ሳታነብ አታልፍም። «ዘነበች ስልክ አታንሺ» የሚለውን አንብባ፣ «ዘነበች ማን ናት?» ብላ ራሷን ዘነበችን ጠይቃታለች።

«ይህን ሁሉ ማንበብ አይሰለችሽም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ክትባት ሥራ ነው ያስለመደኝ» አለችኝ። «ብልቃጥ ሳነሳ መጀመሪያ ቀን አያለሁ። ቀኑ ያለፈ ከሆነ እጥላለሁ። ሳላይ ብወጋ ልጁ የተከተበ ይመስላል፣ ግን አልተከተበም። እናትየው ደስ ብሏት ትሄዳለች። በሽታው ይመጣል።»

ያን ዓመት አንድ ሰርኩላር ደረሰን። የጤና ረዳት መደብ ይታጠፋል ይላል። ወደ ነርስነትና አዋላጅነት የሚያሳድግ የመጨረሻ ሥልጠና አዲስ አበባ ይሰጣል፤ ሥልጠናውን ያላገኘ ወደ ሌላ መደብ ይዛወራል። ሌላ መደብ ማለት ካርድ ክፍል፣ ጽዳት ወይም ጥበቃ ነው። አሪየት ፈተናውን ወሰደች። ለምን አዋላጅነትን እንደመረጠች አልጠየቅኋትም፤ እትዬ ዘነበች ናት የነገረችኝ። ታላቅ እህቷ በወሊድ ሞታባታለች። አሪየት አጠገቧ ነበረች፤ ጤና ረዳት ብቻ ስለነበረች የምታደርግላት ነገር አልነበራትም።

የተመረጡት ስም የሚወጣው አዲስ አበባ ባለው መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ነው ተባለ። ስሙ የወጣ ሰው በአሥር ቀን ውስጥ በአካል ቀርቦ ይመዘገባል፤ የቀረ በተጠባባቂ ይተካል። ከኢታንግ ጋምቤላ፣ ከጋምቤላ አዲስ አበባ፣ መንገዱ ደህና ከሆነ ሦስት ቀን ይበቃል። ጊዜው አያንስም ነበር። የሚያስፈልጋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሟ በወጣ ጊዜ «ወጥቷል» የሚላት ሰው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። በከተማው የምታውቀው ኢንተርኔት ያለው ሰው ሌላ አልነበራትም።

የመጀመሪያው ዝርዝር ወጣ። አብረን አየን። ርዕሱ «የሥልጠናው ተመጋቢዎች ስም ዝርዝር» ይላል። «ተመዝጋቢዎች» ለማለት ነው፤ ዝ ተውጣለች። እትዬ ዘነበች መጥታ አየችና «እንግዲህ ምሳ ነው የሚበሉት፣ ትምህርቱ ቀረ» ብላ ሦስታችንንም አሳቀችን። የአሪየት ስም አልነበረም። ከገጹ ግርጌ ግን «ተጨማሪ ዝርዝር በዚሁ ገጽ ላይ ይወጣል» የሚል ነበረበት። አሪየት ጣቷን የስክሪኑ መስተዋት ላይ አድርጋ ያንን ሁለቴ አነበበችው።

«ሰኞና ሐሙስ እመጣለሁ» አለችኝ።

«ነይ። እኔ አይልሻለሁ» አልኳት።

በዚያው ሳምንት አቶ ጋትሉዋክ ጠሩኝ። ከአዲስ አበባ ስብሰባ ሲመለሱ አንድ ሲዲ ይዘዋል፤ ገና የወጣ ብራውዘር አለበት። ብራውዘር የኢንተርኔት ገጽ የሚከፍትልህ ፕሮግራም ነው። እኛ ዘንድ ሁለት ነበሩ። አንዱ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣው ሲሆን ሁሉም ሰው የሚያውቀው እሱን ነው። ሌላው ቀይ ምልክት ያለው፣ እኔ ብቻ የምነካው ነው።

«ሦስቱን ኮምፔር አድርግ። ሪፖርት ስጠኝ፤ ሾርት ይሁን» አሉኝ። «የተሻለውን በሁሉም ቢሮ፣ በወረዳም እንጭናለን። አንተ ራስህ ትጭናለህ።»

እትዬ ዘነበች እንደሰማች ስም አወጣችላቸው። ነባሩን «ሽማግሌው»፣ ሁለተኛውን «ቀዩ»፣ አዲሱን «ሙሽራው» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ወዲያ በእውነተኛ ስማቸው የጠራቸው የለም።

አወዳደሬን በዝርዝር ልናገር፤ ጥፋቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ደብተር አሰመርኩ። ለእያንዳንዱ ብራውዘር አምስት ዓምድ፦ የመክፈቻ ጊዜ፣ የአማርኛ ፊደል አወጣጥ፣ መስመር ሲቆረጥ የሚሆነው፣ ህትመት፣ አጠቃቀም። የእጅ ሰዓቴን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ። ለሙከራ የመረጥኩት ያንኑ የሥልጠናውን ገጽ ነው፤ ረጅምና የአማርኛ ፊደል የሞላበት ስለሆነ ለፈተና ይመቻል ብዬ። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ከፈትኩት።

ሽማግሌው ይንቀራፈፋል፤ ግን ይደርሳል። ፊደሉንም ሳያበላሽ ያትማል። ቀዩ ፈጣን ነው፤ የአማርኛውን ፊደል ግን በእኛ ማሽን ላይ ሳጥን ሳጥን አድርጎ ያወጣዋል። ሙሽራው ውብ ነው። አንድ መስኮት ውስጥ ብዙ ገጽ ደርድሮ ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ይህ ለኛ ተአምር ነበር። ፊደሉን ስክሪን ላይ ጥሩ አድርጎ ያሳያል፤ ሲታተም ግን ሳጥን ሆኖ ቀረብኝ። በፍጥነት ደግሞ ከሽማግሌው እምብዛም አልተሻለም። መስመሩ እንደሆነ ያው የበግ ጉንፋን ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። «በእኛ መስመር ብዙ ልዩነት የለም» ብሎ መጻፍ ሐቁ ነበር። ግን ሙሽራውን ወድጄዋለሁ። አዲስ ነገር ጋምቤላ የሚደርሰው ሁሌ አርጅቶ ነው፤ ይህኛው ግን ገና በወጣ በጥቂት ሳምንቱ እጄ ገባ። እንዲያሸንፍ ፈለግኩ። እውነቱ ይኸው ነው።

የሙሽራው ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ ስጎረጉር አንድ ምርጫ አገኘሁ። ብራውዘር አንዴ የከፈተውን ገጽ ቅጂ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስቀራል። በሚቀጥለው ስትከፍተው «ገጹ ተለውጧል ወይ?» ብሎ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል፤ ጊዜ የሚበላው ይህ ነው። ምርጫው፣ ይህን መቼ ይጠይቅ? የሚል ነው፤ ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ፣ ወይስ ፈጽሞ። እኔ «ፈጽሞ» የሚለውን ሰጠሁት። የሽማግሌውንና የቀዩን አልነካሁም። ከዚያ ሰዓቴን ይዤ እንደገና ከፈትኩት። ጣቴን ከማንሳቴ ገጹ ተዘረጋ።

ሪፖርቱን በሁለት ገጽ ጻፍኩ። «አዲሱ ብራውዘር በፍጥነት ከነባሮቹ እጅግ ልቆ ተገኝቷል» አልኩ። ስለ ማስተካከያው አንድ ቃል አልጻፍኩም። ለሽማግሌው በህትመት ብቻ ብልጫ ሰጠሁት፤ ያችን በማድረጌ ራሴን ሚዛናዊ ሰው አድርጌ ቆጥሬዋለሁ።

አቶ ጋትሉዋክ አጠገቤ ቆመው አዩት። ከፈትኩላቸው፤ ብልጭ አለ። «እህ!» አሉ። እሳቸው «እህ!» ካሉ ሰው ሁለት ደረጃ እንዳደገ ይቁጠረው። ሪፖርቱ ላይ «ይፈጸም» ብለው ፈረሙ። በደብዳቤ ለሁሉም ቢሮ ተበተነ። እኔም ከቢሮ ቢሮ እየዞርኩ ሙሽራውን ጫንኩ፤ በሄድኩበትም ሁሉ ያንኑ «ፈጽሞ» አደረግኩ። እምቢ ያለችው እትዬ ዘነበች ብቻ ናት።

«እኔ ሽማግሌዬን አልፈታም» አለችኝ። «ቢንቀራፈፍም ያስለመደኝ እሱ ነው።»

አሪየት ሰኞ መጣች። ደስ ብሎኝ «ዛሬ መስመር አንጠብቅም፣ ተመልከቺ» አልኳትና ከፈትኩ። ገጹ ብልጭ አለ። ስሟ የለም።

«የለም» አልኳት።

ሐሙስ መጣች። ከፈትኩ፤ ብልጭ አለ። የለም አልኳት። ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ፒካፑ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ መንገዱን እኩሌታ በእግሯ ነው የመጣችው። ጫማዋን በእጇ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና መጣች። የለም ካልኳት በኋላ አልሄደችም። ወንበሬን ገፋ አድርጋ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«ጌታሁን፣ ይሄ ወረቀት ባለፈው ያየሁት ነው።»

«አዎ፣ ያው ገጽ ነው። ዝርዝሩ እዚሁ ላይ ነው የሚወጣው።»

«አይ፣ እንደሱ አይደለም። ‹ተመጋቢዎች› ነው የሚለው አሁንም። ሰው እስካሁን አላረመውም ወይ?»

«አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች ለእንዲህ ያለው ነገር ጊዜ የላቸውም።»

«ቀኑ የት ነው? የዚህ ወረቀት ቀን።»

«ገጽ ቀን የለውም፣ አሪየት።»

«ቀን የሌለው ነገር የለም» አለች። «ይሄ ወረቀት አርጅቷል።»

ሳቅኩ። ሳቄን ዛሬም እሰማዋለሁ። «ገጽ እንደ ክትባት ብልቃጥ አያረጅም እኮ! ኢንተርኔት ነው» አልኳት። በክፍሉ ሌላ ባለጉዳይም ነበር፤ እሱም አብሮኝ ሳቀ። እሷ ፈገግ አለች፤ በሰው ቤት ምግብ የተደፋበት ሰው የሚያሳየውን ዓይነት ፈገግታ። ኮምፒውተር የማውቀው እኔ ነኝ፣ አማርኛ አፍ የፈታሁበት እኔ ነኝ፣ ዲፕሎማው የእኔ ነው። እሷ ግን ገጹን አንብባዋለች። እኔ አላነበብኩትም፤ ስሟን ብቻ ነው የፈለግኩት።

አንድ ጊዜ እንኳን ጥርጣሬ እንዴት አልገባኝም? ኢሜይል ስከፍት አዲስ መልእክት ይመጣልኝ ነበር፤ እሱ ሁልጊዜ ከመስመር ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሁሉም ነገር አዲስ መሰለኝ። ማስተካከያውን ደግሞ ሪፖርቱ ከተፈረመ ወዲህ ረስቼዋለሁ። ሰው የገዛ ማታለሉን ቶሎ ነው የሚረሳው።

ሐሙስ መጣች፤ የለም። ሰኞ መጣች፤ የለም። በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጣችም፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር።

ዓርብ አቶ ጋትሉዋክ የዝርዝሩን ገጽ አትሜ ለመዝገብ እንዳቀርብ አዘዙኝ። ሙሽራው ሲያትም ፊደሉን ሳጥን ያደርገዋል። ስለዚህ ወደ እትዬ ዘነበች ማሽን ሄድኩ።

ጨርቁን አነሳሁ። ሞደሙ ጮኸ። ሽማግሌው መንቀራፈፍ ጀመረ። እትዬ ዘነበች «ታገሠው» አለችኝ። ገጹ ከላይ ወደ ታች፣ መጋረጃ እንደሚወርድ ቀስ እያለ ወጣ። መጀመሪያ የመጣው ርዕሱ ነው።

«የሥልጠናው ተመዝጋቢዎች ስም ዝርዝር» ይላል።

ዝ አለች። አንዲቷን ፊደል አፍጥጬ አየኋት። የቀረውን ገጽ ሳላይ አውቄዋለሁ፤ መውረዱን ግን አላቆመም። አንድ በአንድ ስሞቹ መጡ። ከሁለተኛው ዝርዝር መሃል አሪየት ነበረች። ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የአያቷ ስም፣ ኢታንግ፣ አዋላጅነት። ከሥሩ የወጣበት ቀን ተጽፏል። በጣቴ ቆጠርኩ። አሥሩ ቀን ካለፈ አራት ቀን ሆኖታል። ሁለተኛዋ ሰኞ፣ «ገጽ አያረጅም» ብዬ የሳቅኩባት ዕለት፣ ስሟ ወጥቶ ነበር። ገና ሰባት ቀን ነበራት።

እትዬ ዘነበች ከኋላዬ አነበበች። «ወይኔ ልጄን» አለች። እኔን ይሁን እሷን ማለቷ እንደሆነ አላወቅኩም።

ስልኩን አንስቼ አዲስ አበባ ደወልኩ። ስድስት ሰው አዟዟረኝ። የመጨረሻዋ ሴትዮ መዝገብ ስታገላብጥ ይሰማኛል።

«አልቀረበችም። በተጠባባቂ ተተክታለች» አለችኝ።

«መስመር ስላልነበረን ነው። ጋምቤላ ነን።»

«ደብዳቤም ልከናል።»

«አልደረሰንም።»

«ወንድሜ፣ ትምህርት ተጀምሯል» አለችና ዘጋችው። ደብዳቤው የደረሰን ከወር በኋላ ነው፤ እትዬ ዘነበች ወደ መዝገብ ቤት ስትወስደው በዓይኗ እንኳ አላየችኝም።

አቶ ጋትሉዋክ ክፍል ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማስተካከያውን፣ ሪፖርቱን፣ የለም ማለቴን። ሪፖርቱን ከፋይል አውጥተው የራሳቸውን ፊርማ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ለልጅቷ ምን ልትላት ነው?»

«እንጃ።»

«በዚህ ሪፖርት ስንት ኮምፒውተር ላይ ጭነሃል?»

«በሁሉም።»

መስኮቱን አዩ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «መስመር ነው በላት» አሉኝ። ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም። ፊርማው የእሳቸው ነበር፤ ደብዳቤው በየቢሮው ተበትኗል። እኔም እምቢ አላልኩም። ያን ቃል ስሰማ እንዲያውም ቀለል አለኝ፤ የማፍረውም በዚህ ነው።

መንገዱ ሲከፈት በክትባቱ ፒካፕ ኢታንግ ሄድኩ። አሪየት ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ልጆች ትመዝን ነበር። ሚዛኑ ላይ የተንጠለጠለው ሕፃን ያለቅሳል፤ እናቶች ተሰልፈዋል። ከፒካፑ ስወርድ አይታኝ ተነሳች። እኔ ኢታንግ ሄጄ አላውቅም። የምሥራች ያመጣሁላት መስሏት ፊቷ በራ። ያንን ፊት ባላየው እወድ ነበር።

«ስምሽ ወጥቶ ነበር» አልኳት። «ቀኑ አልፏል።»

ሕፃኑን ከሚዛኑ አውርዳ ለእናቱ ሰጠች። ኪሎውን ጻፈች። ከዚያ ዞረች።

«ወጥቶ ነበር?»

«ወጥቶ ነበር። መስመር ነው፣ አሪየት። መስመሩ አላሳየንም።»

«ስሜ በትክክል ነው የተጻፈው?»

«በትክክል።»

«አትመህ ስጠኝ» አለች። «እናቴ ትየው። ማለፌን ትየው።»

አትሜ ይዤላት ነበር። ተቀብላኝ ከላይ እስከ ታች እንደ ልማዷ አነበበችው። ከርዕሱ ላይ ትንሽ ቆየች። ከግርጌው ላይም ቆየች። ከዚያ አጥፋ ኪሷ ከተተችና «እግዚአብሔር ይስጥህ፣ በጭቃ መጣህ» አለችኝ። አመሰገነችኝ። ከእናቶቹ አንዷ በአኙዋክኛ ምን እንደሆነ ስትጠይቃት መልሷ ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ ለየሁ። «መስመር» አለቻት።

በተመለስኩ ማግስት ካቻቢቴዬን ትቼ፣ ከቢሮ ቢሮ ዞሬ ያንን «ፈጽሞ» በየማሽኑ ወደ «ሁልጊዜ» መለስኩ። ሰዎች ኢንተርኔቱ ቀረፈፈ ብለው ስሞታ አቀረቡ። አቶ ጋትሉዋክ ስሞታውን እያነበቡ አንድም ቀን አልጠሩኝም። ሪፖርቱ ግን ፋይል ውስጥ እንደነበረ ቀረ። አልታረመም፤ ሙሽራው እጅግ ልቆ እንደተገኘ ነው።

መደቡ ታጠፈ። አሪየት ካርድ ክፍል ተመደበች።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ እኔም «ከፍተኛ ባለሙያ» ከተባልኩ በኋላ፣ ኢታንግ ጤና ጣቢያ ኮምፒውተር ገባ። ካርድ ክፍል እንዲተከል ተወሰነ፤ የምተክለውም የማሠለጥነውም እኔ ነኝ። አሪየት ከመስኮቱ ጀርባ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ሽበት ጀምሮታል። ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ቀበሌዋን ትጠይቅና ካርድ ጽፋ ወደ ውስጥ ትልካታለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን በር አታልፍም፤ አልተፈቀደላትም። የውስጧ አዋላጅ ከሌላ ቦታ የተመደበች ልጅ ናት፤ የሴቶቹን ቋንቋ አታውቅም። አንዳንዴ አሪየትን በመስኮቱ ትጠራትና ታስተረጉማታለች።

ሁለት ቀን አሠለጠንኳት። ቶሎ ነው የገባት። በሁለተኛው ቀን ብራውዘሩን ከፍቼ ሳሳያት እጄ ቆመ። ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

«አሪየት፣ ያን ጊዜ መስመሩ አልነበረም። እኔ ነኝ። ፈጣን እንዲመስል ብዬ አሮጌውን ገጽ እንዲያሳይ አድርጌዋለሁ። ስምሽ ወጥቶ ሳለ የለም ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

የያዘችውን ካርድ ጽፋ ጨረሰች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ወረቀቱ። ያተምክልኝ ‹ተመዝጋቢዎች› ይላል፣ ከታች ቀን አለው። አንተ የምታሳየኝ ‹ተመጋቢዎች› ነው። መስመር ከሌለ ምንም አይታይም፣ ባዶ ነው። አንተ ግን ሁልጊዜ ታሳየኝ ነበር።»

«ያን ቀን በረንዳው ላይ አውቀሻል?»

«ያን ቀን።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

«ነግሬህ ነበር» አለች። «ሳቅክ።»

መስኮቱ ተንኳኳ። አንዲት ሴት ሆዷን ይዛ፣ በእህቷ ተደግፋ ቆማለች። አሪየት አዲስ ካርድ ሳበች። ከስሟም ከዕድሜዋም በፊት፣ ከላይ ጥግ ላይ፣ የዕለቱን ቀን ጻፈች።

ጥገና ለምትማሩ የምለው ይህን ነው። ብራውዘር ስታወዳድሩ ሰዓት ከመያዛችሁ በፊት ገጹ የዛሬ መሆኑን አረጋግጡ። ያስተካከላችሁትን ሁሉ ሪፖርቱ ላይ ጻፉ። «ቀኑ የት ነው?» ያላችሁ ሰው ካለ ፈልጋችሁ አሳዩት። ገጽ ያረጃል።